ኤሲው ጠፍቶም የሚጮኸው ፑሊ፦ ኩሽኔታውን ለይቶ መለወጥ

ጠዋት ሞተር ስታስነሱ ከኮፈን ሥር የቡና ወፍጮ የመሰለ ድምፅ ይመጣል። ነዳጅ ስትሰጡት ይጨምራል፣ ስትለቁት ይቀንሳል። ኤሲ ከከፈታችሁ ወራት አልፏል። ስለዚህ ሐሳባችሁ ወደ ዲናሞ ወይም ወደ ውኃ ፓምፕ ይሄዳል፤ ኤሲው ትዝም አይላችሁ።

እኔም ትዝ አላለኝም ነበር። መኪናዬ የ2003 ሞዴል ኮሮላ ናት። መጀመሪያ ዲናሞ አስፈታሁ። የዲናሞው ኩሽኔታ (ዘንግ ወይም ፑሊ በቀላሉ እንዲዞር የሚያደርገው ባለ ኳስ ቀለበት) ተለወጠ፣ ድምፁ ግን እንዳለ ነው። ሁለተኛው ጋራዥ ኮፈኑን ከፍቶ አንድ ደቂቃ ያህል አዳመጠና «ኮምፕረሰሩ አልቋል፣ ሙሉውን ቀይረው» አለኝ። ኮምፕረሰር የኤሲውን ጋዝ የሚጨምቀው ክፍል ነው። የጠራልኝ ዋጋ እንቅልፍ ነሳኝ። በመጨረሻ የተለወጠው መዳፍ ላይ የሚቀመጥ አንድ ኩሽኔታ ነው። ኮምፕረሰሩ አልተቀየረም፣ ጋዙም አልተነካም።

ይህን የምጽፈው ሌላ ሰው በዚያው መንገድ እንዳይመላለስ ብዬ ነው። ምርመራው ላይ ረዘም ላለ ጊዜ እቆያለሁ፤ ገንዘብ የሚባክነው እዚያ ነውና።

ኤሲ ባትከፍቱም ፑሊው ይዞራል

ፑሊ ቺንጋው (ሞተሩ የሚያዞረው የጎማ ቀበቶ) የሚያርፍበት ክብ ብረት ነው። ፑሌጃ የሚሉትም አሉ። በኤሲ ኮምፕረሰር ፊት ላይ ሦስት ነገሮች ተደራርበው ይቀመጣሉ። ከኋላ የመዳብ ሽቦ ጥቅል አለ፤ ማግኔት የምንለው እሱ ነው፣ አይዞርም። መሃል ላይ ፑሊው አለ። በሆዱ ኩሽኔታ አቅፎ በኮምፕረሰሩ አንገት ላይ ተሰክቷል። ከፊት ደግሞ ከኮምፕረሰሩ ዘንግ ጋር የታሰረ ክብ ሳህን አለ። በሳህኑና በፑሊው መካከል ያለው ክፍተት ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ነው።

ሞተር ሲነሳ ቺንጋው ፑሊውን ያዞረዋል። ኤሲ ከጠፋ ፑሊው በኩሽኔታው ላይ ብቻውን ይዞራል፤ ሳህኑና ዘንጉ ቆመዋል። ኤሲ ስትከፍቱ 12 ቮልት ወደ ጥቅሉ ይገባል። ጥቅሉ ማግኔት ይሆንና ሳህኑን ስቦ ከፑሊው ፊት ጋር ያጣብቀዋል። «ጠቅ» የምትለዋ ድምፅ ያቺ ናት። ከዚያ ፑሊው፣ ሳህኑና ዘንጉ አብረው ይዞራሉ።

የአዲስ አበባ አየር ብርድ ስለሚቀናው ብዙ ሰው ዓመቱን ሙሉ መስኮት ከፍቶ ነው የሚነዳው። አፋር ወይም ድሬዳዋ የሚነዳ ሰው ያለ ኤሲ መንቀሳቀስ ይከብደዋል። ለኩሽኔታው ግን ሁለቱም አንድ ናቸው። ሞተሩ በተነሳ ቁጥር እሱ ሥራ ላይ ነው። «ኤሲ አልጠቀምም፣ እንዴት ይበላሻል?» ለሚል ሰው መልሱ ይኸው ነው።

አንድ ነገር ከወዲሁ ልበል። በአንዳንድ አዳዲስ መኪኖች ላይ ሳህንና ማግኔት የሚባል ነገር የለም። ፑሊው ዘንጉን ሁልጊዜ ይዞ ይዞራል፤ ቅዝቃዜውን የሚቆጣጠረው ኮምፕረሰሩ ውስጥ ያለ ቫልቭ ነው። ኤሲ ሲበራ «ጠቅ» የሚል ድምፅ ካልሰማችሁና ከፊት ክፍተት የሚታይበት ሳህን ከሌለ የናንተ ከእነዚያ ሊሆን ይችላል። በእነሱ ላይ ኤሲ ማጥፋትና ማብራት ኩሽኔታውን ከኮምፕረሰሩ ውስጠኛ ክፍል ለመለየት ብዙም አይረዳም። ከዚህ በታች የምለው ሳህንና ማግኔት ስላለው ነው።

መጀመሪያ በጆሮ

ሞተሩ ቀዝቅዞ ካደረ በኋላ አስነሱት። ኮፈኑን ክፈቱ። ኤሲውንም የነፋሱን መቆጣጠሪያም አጥፉ። አንድ ሰው መሪ ጋ ይቀመጥና ስትነግሩት ኤሲውን ያብራ፣ ያጥፋ። እናንተ ከፊት ቆማችሁ አዳምጡ። ነጠላ፣ ሻርፕ፣ ረጅም ፀጉር፣ ሰፊ እጅጌ ከቺንጋው ይራቅ። የሚዞር ቺንጋ የያዘውን አይለቅም።

ድምፁ ኤሲ ጠፍቶም ካለ፣ ከነዳጁ ጋር ከፍ ዝቅ ካለ፣ ኩርርር ካለ ወይም ከፈጨ ዋናው ተጠርጣሪ የፑሊው ኩሽኔታ ነው። ኤሲ ስታበሩ ድምፁ ሊለወጥ፣ አልፎ አልፎም ሊጠፋ ይችላል። ይህ እንዳያሳስታችሁ። ማግኔቱ ሳህኑን ሲስብ በኩሽኔታው ላይ ያለው ጫና ስለሚቀየር ነው እንጂ ኩሽኔታው አልዳነም።

ኤሲ ጠፍቶ ጸጥ ያለው ስታበሩት ብቻ ኳ ኳ ወይም ግርርር የሚል ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። መጀመሪያ ኮምፕረሰሩን ከሞተሩ ጋር ያሰሩትን ቡሎኖች በቁልፍ ሞክሯቸው። የላላ ቡሎን ጤነኛ ኮምፕረሰር እንደተሰበረ ያስመስላል። ቡሎኖቹ ጥብቅ ከሆኑ ጋዝ ከልኩ በላይ ተሞልቶ እንደሆነ በጌጅ (በግፊት መለኪያ) ይታይ። ይህም ካልሆነ ጣጣው የኮምፕረሰሩ ሆድ ውስጥ ነው። ያ የኤሲ ባለሙያ ሥራ ነው።

ኤሲ ስታበሩ ለአፍታ እሪ ብሎ የሚተው ቺንጋው ሲንሸራተት ወይም ሳህኑ ፑሊውን ጨብጦ መያዝ ሲያቅተው ነው። ኤሲ ጠፍቶ ሳለ ሲሲሲ የሚል ቀጭን የብረት መፋቅ ከሰማችሁ ሳህኑ ፑሊውን እየነካ ነው። ወይ ክፍተቱ ጠቧል፣ ወይ ኩሽኔታው ልል ሆኖ ፑሊው ዘንበል ብሏል። በሚኒሞ (ነዳጅ ሳትሰጡት) ተንቀጫቅጮ ኤሲ ሲበራ ዝም የሚል ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሳህኑ ጎማ ወይም ስፕሪንግ ደክሞ ነው። ያኔ ሳህኑ ይለወጣል፣ ኩሽኔታው ምንም አላጠፋም።

የቺንጋን ጩኸት ለመለየት ቀላል ዘዴ አለ። ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ በቺንጋው ሽንሽን በኩል ትንሽ ንጹህ ውኃ እርጩ። ድምፁ ለጥቂት ሰኮንድ ጠፍቶ ከተመለሰ ፑሊዎቹ በአንድ መስመር ላይ አይደሉም፣ አንዱ ገባ ወይም ወጣ ብሏል። ውኃው ሲነካው ከባሰበት ቺንጋው ላልቷል። የኩሽኔታ ድምፅ ለውኃው ደንታ የለውም።

ከጎረቤቶቹ መለየት

እኔ የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው። ዲናሞ፣ ውኃ ፓምፕ፣ የመሪ ፓምፕ፣ ቺንጋ ወጣሪው ሁሉም ኩሽኔታ አላቸው። ሁሉም ሲያረጁ ይፈጫሉ። ተቀራርበው ስለተቀመጡም ጆሮ ብቻውን አይለያቸውም።

ረጅም ካቻቪቴ ውሰዱ። ጫፉን የማይዞር ብረት ላይ፣ ለምሳሌ የኮምፕረሰሩ ገላ ላይ ከፑሊው ጀርባ፣ አሳርፉት። እጀታውን ከጆሮ ጀርባ ካለው አጥንት ላይ አስደግፉ። ድምፁ በብረቱ በኩል ጥርት ብሎ ይመጣል። ከዚያ ዲናሞው ላይ፣ ከዚያ የወጣሪው ቡሎን ላይ አሳርፉና አወዳድሩ። ብረት ድምፅን ስለሚያስተላልፍ ሁሉም ላይ ትንሽ ይሰማል፤ የምትፈልጉት ጎልቶ የሚሰማበትን ነው። ካቻቪቴው የሚዞር ነገር እንዳይነካ ተጠንቀቁ።

እርግጠኛ የሚያደርገው ግን ቺንጋውን ማውጣት ነው። ሞተሩን አጥፉ፣ ቺንጋውን አውጡና መልሳችሁ አስነሱ። ከግማሽ ደቂቃ በላይ አታቆዩት። እንደኔ ባሉ መኪኖች ላይ ያው አንድ ቺንጋ ውኃ ፓምፑንም ስለሚያዞር ሞተሩ ያለ ውኃ ዝውውር ነው የሚሠራው። ዳሽቦርዱ ላይ የባትሪ ምልክት ይበራል፣ አትደንግጡ። ድምፁ ከጠፋ ችግሩ ቺንጋው ከሚያዞራቸው አንዱ ነው። ካልጠፋ ሞተሩ ውስጥ ነው፤ ይህን ጽሑፍ እዚህ ላይ አቁሙት።

አሁን ሞተሩ ጠፍቶ እያንዳንዱን ፑሊ በእጅ አዙሩ። ጤነኛ ኩሽኔታ ሲዞር ወፍራም ማር ውስጥ የሚሄድ ይመስላል። ድምፅ የለውም፣ ለቀቅ ስታደርጉት ቶሎ ይቆማል። ብዙ ሰው ፑሊው እንደ እንዝርት ሲሾር አይቶ ደስ ይለዋል። ደስ የሚል ነገር አይደለም፤ ግሪሱ አልቋል ማለት ነው።

የኔን ሳዞረው ጣቴ ላይ አሸዋ አሸዋ ይለኝ ነበር። ፑሊውን በሁለት እጄ ይዤ ወደ ውጭና ወደ ውስጥ ስወዘውዘው ቀጭ ቀጭ አለ። ባትሪ ሳበራበት ከሳህኑ ጠርዝ ጀርባ እንደ በርበሬ የቀላ ደቃቅ ዱቄት ዙሪያውን ተረጭቶ አየሁ። የኩሽኔታው ዝገት ነው። ሁለት ጋራዥ ያላየውን ያ ዱቄት ነገረኝ። እናንተም ወደ ኪሳችሁ ከመግባታችሁ በፊት ይህን ዱቄት ፈልጉት። የቀለጠ ግሪስ ወይም በሙቀት የጠቆረ ብረት ካያችሁም ያው ምልክት ነው።

እስኪሠራ መንዳት ይቻላል?

የሚያጉረመርም፣ ግን የማይወዛወዝ ፑሊ ለጥቂት ቀን ከተማ ውስጥ ያንቀሳቅሳል። ረጅም መንገድ ግን አትውጡበት። ከተወዛወዘ፣ የጎማ ቃጠሎ ከሸተተ ወይም ድምፁ ድንገት ተለውጦ ብረት መሰባበር ከመሰለ መኪናውን አቁሙ። ኩሽኔታው ከነከሰ (ተጣብቆ አልዞር ካለ) ፑሊው ይቆማል፣ ቺንጋው እላዩ ላይ ተፋትጎ ይቃጠልና ይበጠሳል። አንድ ቺንጋ ሁሉንም የሚያዞርበት መኪና ላይ ዲናሞውም ውኃ ፓምፑም አብረው ይቆማሉ። ሞተር የሚቀቀለው በደቂቃዎች ውስጥ ነው።

ለኤሲ ብቻ የተለየ ቺንጋ ያላቸው የድሮ መኪኖች እዚህ ላይ ዕድለኞች ናቸው። የኤሲውን ቺንጋ አውጥታችሁ ጓዳ አስቀምጡትና እስኪሠራ ድረስ በሰላም ንዱ።

ምን መግዛት እንዳለባችሁ

ከተቻለ አሮጌውን አውጥታችሁ ይዛችሁ ሂዱ። አዲስ አበባ ላይ ሱማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ ገበያ ብትሄዱ ሻጩ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ ናሙና ነው። በኩሽኔታው ጎማ ወይም ጠርዝ ላይ ቁጥር አለ። ለምሳሌ 35ቢዲ5020 የሚል ከሆነ የውስጥ ቀዳዳው 35፣ የውጭ ስፋቱ 50፣ ውፍረቱ 20 ሚሊሜትር ነው። ቁጥሩ ከጠፋ በካሊፐር ሦስቱን ለኩ።

የኤሲ ፑሊ ኩሽኔታ በብዙ መኪኖች ላይ ሁለት ረድፍ ኳስ ያለው ነው። ቺንጋው ሁልጊዜ በአንድ ወገን ስለሚስበው አንድ ረድፍ አይችለውም። «ይሄም ይገባል» ተብሎ ቀጠን ያለ፣ ባለ አንድ ረድፍ ኩሽኔታ ሲሰጣችሁ አትቀበሉ። ይገባል፣ ግን አይቆይም። በሁለቱም ጎን ጎማ የለበሰ ይሁን። እዚያው ሱቁ ውስጥ ጆሯችሁ አጠገብ አዙሩት፤ ጭረት ወይም ቅጭታ ከሰማችሁ መልሱት።

ሳህኑ ፊት በሙቀት ሰማያዊ ከሆነ ወይም ከተቦረቦረ፣ ወይም ፑሊው ውስጥ የኩሽኔታው ማረፊያ ከሰፋ ፑሊ፣ ሳህንና ማግኔት ያለበትን ሙሉ የክላች ስብስብ መግዛት ይሻላል። የሰፋ ማረፊያ ላይ ሙጫ ቀብቶ ኩሽኔታ መጠቅጠቅ ለወር ነው። ሙሉ ኮምፕረሰር የሚያስፈልገው ዘንጉ ራሱ ሲወዛወዝ፣ በዘንጉ ዙሪያ ዘይት ሲያፈስ ወይም ሆዱ ውስጥ ብረት ሲሰበር ነው።

ማውለቅ

የሚያስፈልጋችሁ፦ ክሪክና ካቫሌቶ (መኪናው የሚያርፍበት የብረት እግር)፣ ቡሶላ (ቡሎን መፍቻ) ከነእጀታው፣ የቀለበት መክፈቻ ፒንሳ፣ የፕላስቲክ ወይም የእንጨት መዶሻ፣ የዓይን መነጽር። አንድ ማስጠንቀቂያ ደግሞ አለ። የጋዙን ቱቦዎች አትንኩ። በብዙ መኪኖች ውስጥ ያለው አር134ኤ ጋዝ አየር ላይ ሲወጣ ከዜሮ በታች 26 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ቆዳንም ዓይንንም በብርድ ያቃጥላል። ከኮምፕረሰሩ አጠገብ እሳትም አትጠቀሙ፤ ጋዙ እሳት ሲነካው መርዝ ይሆናል። ፑሊው ከዘንጉ ማጥበቂያ ጎሚኒ (ጋዙ እንዳይወጣ ከሚይዘው ጎማ) ውጭ ስለሆነ ለዚህ ሥራ ጋዝ ማውጣት አያስፈልግም። ማውጣት አለበት የሚላችሁን ሰው ለምን እንደሆነ ጠይቁት።

1. ሞተሩ ይቀዝቅዝ። የባትሪውን ኔጋቲቭ ፍቱ። የቺንጋውን አካሄድ በስልክ ፎቶ አንሱ። ይህን ያልሠራ ሰው ማታ ላይ ቺንጋ ይዞ ሲያሰላስል ይውላል።

2. ኮሮላ ላይ ኮምፕረሰሩ ከሞተሩ በታችኛው በኩል በቀኝ ወገን ነው። የፊት ቀኝ ጎማውን አውልቁ፣ የጭቃ መከላከያ ፕላስቲኩን አንሱ። መኪናው በካቫሌቶ ላይ ይቁም። ክሪክ ብቻ አምናችሁ ከሥር እንዳትገቡ።

3. ቺንጋውን አላሉና አውጡ። ስንጥቅጥቅ ካለ ወይም ሽንሽኑ ከተላጠ አብሮ ይቀየር።

4. ከፊት በቂ ቦታ ካለ ኮምፕረሰሩ እንዳለ ይሠራል። ከሌለ የሶኬት ሽቦውን ንቀሉ፣ የኮምፕረሰሩን ቡሎኖች ፍቱና ቱቦዎቹ እንደተያያዙ ወደ ፊት አዙሩት። በቱቦዎቹ እንዳይንጠለጠል በሽቦ አስሩት።

5. የሳህኑን መሃል ቡሎን ፍቱ። ዴንሶ የሚባለው ኩባንያ በሚሠራቸው ብዙ ኮምፕረሰሮች ላይ ባለ 10 ቁልፍ ነው። ሳህኑ አብሮ እንዳይዞር በቀበቶ ወይም ለዚህ በተሠራ መያዣ ያዙት። የቺንጋው ሽንሽን ውስጥ ካቻቪቴ አትሽጡ፤ የተሸረፈ ሽንሽን አዲስ ቺንጋ ይበላል።

6. ሳህኑን ሳቡ። አንዳንዱ በእጅ ይመጣል። እምቢ ካለ መሃሉ ላይ ያለውን ጥርስ ተመልከቱ። ብዙ ጊዜ እዚያ ውስጥ ከመሃሉ ቡሎን ወፈር ያለ ቡሎን ሲጠብቅ ዘንጉን ገፍቶ ሳህኑን ያወጣዋል። በጠርዙ በኩል በሁለት ካቻቪቴ መፈንቀል ሳህኑን ያጣምመዋል፤ የተጣመመ ሳህን ደግሞ ዕድሜ ልኩን ሲሲሲ ይላል።

7. እዚህ ላይ እጃችሁን አዘግዩ። ከሳህኑ ጀርባ ወይም ከዘንጉ ጫፍ ላይ እንደ ወረቀት የሳሱ ትንንሽ ሮንዴላዎች አሉ። ክፍተቱን የሚወስኑት እነሱ ናቸው። በግሪስ ተጣብቀው አንድ ይመስላሉ። ጠርጋችሁ ቁጠሯቸውና ኩባያ ውስጥ አስቀምጧቸው።

8. መነጽር አድርጉ። ፑሊውን የያዘውን ክፍት የብረት ቀለበት በፒንሳ አውጡ። የትኛው ፊቱ ወደ ውጭ እንደነበር አስተውሉ።

9. ፑሊውን በሁለት እጅ እያወዛወዛችሁ ሳቡ። ከተጣበቀ ከጀርባው ዙሪያውን በፕላስቲክ መዶሻ ቀስ እያላችሁ ምቱት፣ ወይም በመንቀያ አውጡት። የኮምፕረሰሩን ዘንግ በመዶሻ መምታት ክልክል ነው። ውስጡ ያለውን የምታበላሹት ያኔ ነው።

ማግኔቱ ካልተቃጠለ በቦታው ይቆይ። ሽቦው ሶኬት ላይ በመልቲሜትር ለኩት። በብዙ መኪኖች ከ3 እስከ 5 ኦም ያሳያል። ወደ ዜሮ ከወረደ ተገናኝቷል፣ ምንም ካላሳየ ተበጥሷል።

አሮጌውን አይታችሁ ምክንያቱን ፈልጉ

ኩሽኔታውን ከመጣላችሁ በፊት ጎማውን ገልብጣችሁ ተመልከቱት። የኔ ውስጡ ግሪስ የሚባል አልነበረም። ቡናማ ጭቃ የመሰለ ነገር ኳሶቹ መሃል ደርቋል። ያ ውኃ የገባበት ምልክት ነው።

ላቫጆ ላይ ሞተር ሲታጠብ ፍላጎቱ መኪናው እንዲያምር ነው። ግን በግፊት የሚመጣ ውኃ ፑሊው ፊት ላይ ሲያርፍ የኩሽኔታውን ጎማ አልፎ ይገባል። ናፍጣ ሲረጭ ደግሞ ግሪሱን ያሟሟዋል። እኔ በየወሩ አሳጥብ ነበር። አሁን ሞተር ሲታጠብ በቺንጋው በኩል እንዳይነኩ እናገራለሁ፣ ቆሜም አያለሁ።

ቺንጋን ከልክ በላይ መወጠርም ኩሽኔታን ይገድላል። ከላይ የመሪ ዘይት የሚያንጠባጥብ ከሆነ እሱን ሳትደፍኑ አዲስ ኩሽኔታ አታስገቡ። ሌላም አለ። የሚጮህ ኩሽኔታ ላይ የሚረጭ ዘይት መንፋት ለሁለት ቀን ዝም ያሰኘዋል። ከዚያ የቀረውን ግሪስ አሟሙቶ ያወጣውና በአጭር ጊዜ ይነክሳል። አታድርጉት።

አዲሱን ማስገባት

ፕሬስ (ኩሽኔታውን ገፍቶ የሚያስገባ መጫኛ) ከሌላችሁ ቶርኖ ቤት (ብረት የሚቆርጡና የሚያስተካክሉበት ቤት) ውሰዱት፤ የደቂቃዎች ሥራ ነው። ግን አጠገባቸው ቁሙ። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

በብዙ ፑሊዎች ላይ ኩሽኔታው እንዳይወጣ ጠርዙ ላይ ብረቱ በሦስት ወይም በአራት ቦታ ተቀጥቅጦ ታጥፏል። ያ መጀመሪያ ተፍቆ ይነሳ። ያለዚያ ሲገፉት ማረፊያውን እየላጠ ይወጣል። ፑሊው ከሥር በመሃል ክፍሉ ዙሪያ ይደገፍ እንጂ በውጭ ጠርዙ አይደገፍ፤ ይጣመማል። አሮጌው ሲወጣ የትም ቢገፋ ግድ የለም። አዲሱ ሲገባ ግን ግፊቱ በውጭ ቀለበቱ ላይ ብቻ ይሁን። ኩሽኔታው ፑሊው ውስጥ የሚጣበቀው በውጭ ቀለበቱ ነው። በውስጥ ቀለበቱ ከገፉት ኃይሉ በኳሶቹ በኩል ያልፋል፣ ኳሶቹም መንገዳቸው ላይ ጉድጓድ ይተዋሉ። በዓይን አይታይም። ከሳምንት በኋላ ግን ያው ድምፅ ይመለሳል፣ እናንተም ኩሽኔታው ፎርጅድ ነው ትላላችሁ።

ማረፊያው በንጹህ ጨርቅ ይጠረግ። ኩሽኔታው ቀጥ ብሎ ይጀምር፤ ዘንበል ካለ ያቁሙትና ያስተካክሉት። ከታች እስኪደርስ ይግባ፣ ከዚያ ጠርዙ እንደገና በሦስት ወይም በአራት ቦታ ይቀጥቀጥ። በእጃችሁ አዙሩት። ማር ውስጥ እንደሚሄድ ነው መሆን ያለበት።

የኮምፕረሰሩን አንገት ጠርጉ፣ ፑሊውን ስኩት። አሁን ደግሞ መግፋት ካስፈለገ በውስጥ ቀለበቱ ነው፤ አንገቱ ላይ የሚቀመጠው እሱ ነውና። ክፍቱን ቀለበት መልሱ። አንድ ጎኑ የተሞረደ ከሆነ የተሞረደው ፊት ወደ ውጭ ይሁን። በቦታው ሲገባ ጠቅ ብሎ ይሰማል፤ ዙሪያውን በካቻቪቴ ጫፍ ነክታችሁ በሚገባ መቀመጡን አረጋግጡ። ፑሊውን አዙሩ። ማግኔቱን ከነካ የሆነ ነገር አልተቀመጠም።

ክፍተቱ

ሮንዴላዎቹን መልሱ፣ ሳህኑን ስኩ፣ ቡሎኑን አጥብቁ። ትንሽ ቡሎን ስለሆነ አትጨክኑበት። ለብዙ ዴንሶዎች ከ13 እስከ 18 ኒውተን ሜትር ይበቃዋል።

አሁን በሳህኑና በፑሊው መካከል ያለውን ክፍተት በመለኪያ ስስ ብረት ለኩ። በብዙ ዴንሶ ኮምፕረሰሮች ላይ ልኩ ከ0.35 እስከ 0.65 ሚሊሜትር ነው። የመኪናችሁ መመሪያ ሌላ ካለ እሱን ተከተሉ። በአንድ ቦታ ብቻ አትለኩ፤ ዙሪያውን ሦስት ቦታ ይሁን። መለኪያው ከሌላችሁ የፎቶ ኮፒ ወረቀት ተጠቀሙ። የተለመደው 80 ግራም ወረቀት ውፍረቱ 0.1 ሚሊሜትር ያህል ነው። አራት ተደርቦ በቀላሉ ካለፈና ሰባት ካላለፈ ልክ ላይ ናችሁ።

ክፍተቱ ከሰፋ አንድ ሮንዴላ አውጡ፣ ከጠበበ ጨምሩ። የሰፋ ክፍተት ሞተር ሲግል ማግኔቱ ሳህኑን መሳብ ያቅተዋል፣ ኤሲው በቀትር ይጠፋል። የጠበበ ደግሞ ይፋቃል። እኔ አንዷን ሮንዴላ ወለል ላይ ጥያት ሁለት ጊዜ ፈትቼ ገጥሜያለሁ። ስለዚህ ነው ኩባያ ያልኩት።

ሳህኑን በጣት አዙሩ። የኮምፕረሰሩ ዘንግ ለስለስ ባለ ጫና መዞር አለበት። ሶኬቱን መልሱ፣ ቺንጋውን በፎቶው መሠረት አልብሱ። እያንዳንዱ ሽንሽን በየቦይው መግባቱን በጣት ዳስሱ። አንድ ሽንሽን ወደ ጎን ከወጣ ቺንጋው በአንድ ቀን ያልቃል። ባትሪውን እሰሩ።

ማስነሳትና ማለማመድ

ከጎማው በኩል የቀረ መሣሪያ እንደሌለ አይታችሁ አስነሱ። መጀመሪያ ኤሲ ጠፍቶ አዳምጡ። ፑሊው ቀጥ ብሎ ይዞር፣ አይወዛወዝ። ከዚያ ኤሲውን አብሩ፤ «ጠቅ» ይበል፣ ሳህኑ ወዲያው አብሮ ይዙር። ሳህን ወይም ፑሊ አዲስ ከሆነ በሚኒሞ ላይ ከ15 እስከ 20 ጊዜ ያህል አሥር አሥር ሰኮንድ እያበራችሁ አጥፉ። ሁለቱ ፊቶች እርስ በርስ ይላመዳሉ፣ ከዚያ ወዲያ አይንሸራተቱም።

ኤሲ የማትጠቀሙ ብትሆኑም በሳምንት አንዴ ለአሥር ደቂቃ አብሩት። የኮምፕረሰሩ ዘይት ከጋዙ ጋር ስለሚዘዋወር የዘንጉ ጎሚኒ ሳይደርቅ ይቆያል።

ከሁለት ወይም ከሦስት ቀን በኋላ፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ፣ ኮፈኑን ክፈቱ። የቺንጋውን ውጥረት በአውራ ጣት ተጫኑት፣ የኮምፕረሰሩን ቡሎኖች በቁልፍ ንኩ፣ ከሳህኑ ጀርባ በባትሪ አብሩና ቀይ ዱቄት እንደሌለ እዩ።